ቬንትሌተሩ የት ሄደ?

ልጄ አሰፋ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት አለው። ባለፈው ሚያዝያ አንዱ ማሽን እየጋለ ጨዋታው መሀል ላይ ቀጥ ይልበት ጀመር። ጎረምሶቹ ይሳደባሉ፣ እሱ ላቡን ይጠርጋል። «እማ፣ አዲስ አበባ ልኬ ላስፈትሸው ነው» አለኝ። እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለ ማሽን የማውቀው የለም። ሄጄ አየሁት። አቧራ እንዳይገባበት ብሎ ፎጣ ደርቦበታል፣ ከግድግዳ አጣብቆታል። ፎጣውን ገፈፍኩለት። ከጎረቤት ግሮሰሪ ደጃፍ አራት ቆርኪ ለቅሜ በየማዕዘኑ ከሥሩ አደረግሁለት። «አሁን አሳርፈው። ትንፋሹ ሲመለስ ታበራዋለህ» አልኩት።

ልጆቹ ሳቁብኝ። ማሽኑ ግን ሠራ።

«ማን አስተማረሽ?» አለኝ አሰፋ።

«የአሰብ ሹፌር» አልኩት። ቀሪውን ልነግረው ስል ደንበኛ መጣበት። እንግዲህ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ እሱም ጊዜ ሲያገኝ ያነበዋል።

ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ ይመስለኛል፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ እቴነሽ አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤትና ጥቂት አልጋ ነበራት። አባቴን አላውቀውም፤ ሳልድህ ነው የሞተው። በቤቱ እማዬ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ታከለ ነበርን። ታከለ ያኔ አሥራ ስምንት ሊሞላው ነው፤ ቁመቱ የበሩን መቃን ይነካ ነበር።

የእኛን አገር ሙቀት ለደገኛ ማስረዳት አይቻልም። ከምሳ በኋላ ቆርቆሮው ጠሽ ጠሽ ይላል። ውሻችን ጋኑ ሥር ያለውን እርጥብ አፈር ቆፍሮ ይተኛል። ሹፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ሰሌን ዘርግተው ፀሐይ እስክትበርድ ይጠብቃሉ። ከእነሱ አንዱ በድሩ ነበር። ከአሰብ ጭኖ አዲስ አበባ ይወጣል፣ ከአዲስ አበባ ጭኖ አሰብ ይወርዳል፤ ሲወጣም ሲወርድም እኛ ቤት ያርፋል። እስላም ስለሆነ የእኛን ሥጋ አይቀምስም። እማዬ ለእሱ ብቻ የለየችው መጥበሻ ነበራት፤ በዚያ እንቁላል ትጠብስለታለች፤ ሌላ ሰው ከነካው ቤቱን ታናጋዋለች።

አንድ ቀን በድሩ ከጋቢናው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወረደ። ወደብ ላይ ከአንድ መርከበኛ ያገኘው ነው። ጋዜጣው ሲገለጥ ጥቁር ጠፍጣፋ ሳጥን ሆነ፤ እንደ ራዲዮን የሚዞር ጆሮ በግራም በቀኝም አለው። ከኋላው ገመድ ወጥቶ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ጡብ የመሰለ ሌላ ትንሽ ሳጥን አለ።

«ይሄ የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው ከበቡሽ። የመርከብ ሰዎች ባሕሩ ሲሰለቻቸው የሚጫወቱት» አለኝ።

ቴሌቪዥናችን ከዜና ይልቅ በረዶ የሚበዛበት ነበር። በድሩ ገመዱን ከኋላው ሲሰካ በረዶው ጠፋ። በጥቁሩ ላይ ሁለት ነጭ ዱላና አንዲት ነጭ ነጥብ ብቅ አሉ። ነጥቧ ኳስ ናት። ወደ አንቺ ስትመጣ ጆሮውን አዙረሽ በዱላሽ ትመልሻታለሽ። ስትመልሻት ጧ ትላለች፤ ካመለጠችሽ ቴሌቪዥኑ እንደ ማላገጥ ያጉረመርምብሻል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍም ምግብም ጠላሁ።

እማዬ ለማሽኑ ዳንቴል ሠራችለት። በእኛ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ነገር አልነበረም። ራዲዮኑ ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ የውሃ ማንቆርቆሪያው እንኳ ለብሷል። መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ስለሚገባ፣ የከበረ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም ትላለች። ለማሽኑ የሠራችለት እጥፍ ድርብ ነበር፤ ጡቡንም አልረሳችውም። ስንጫወት እንኳ አናወልቅለትም፤ ጆሮዎቹ ብቻ በቀዳዳ ይወጣሉ።

ማሽኑ ታዲያ ይግል ጀመር። መጀመሪያ ዱላዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ቀጥሎ ኳሷ መሀል ሜዳ ላይ ቆማ ትቀራለች፣ ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። በድሩ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ነገርኩት። ዳንቴሉን አልፎ በእጁ ጀርባ ነካ አደረገውና እጁን ሰበሰበ።

«ያ አላህ! ይሄ እኮ ጣርማ በር ዳገት ላይ የቆመ መኪና ነው። እቴነሽ፣ ይሄን ሻሽ ማን አሰረለት?»

«ሻሽ አይደለም፣ ዳንቴል ነው። አቧራ ይግባበት?»

«አቧራውን አራግፈን እናወጣዋለን። ታፍኖ ከሞተ ማን ያስነሳዋል? አንቺን በዚህ ሙቀት ካባ ብደርብብሽ ትወጂያለሽ?»

«የምትደርብልኝ ካባ የት አለህና!» አለች እማዬ። ዳንቴሉን ግን ገፈፈችለት፤ አጣጥፋ መሶብ ላይ አኖረችው።

በድሩ ማሽኑን እንደ መኪና ነው ያከመው። በካራ ጫፍ ብሎኖቹን ፈታ። «ኮፈኑን ከፈት እናድርግለት» ብሎ ክዳኑን ቀና አደረገና በክብሪት እንጨት ደገፈው፤ ከባድ መኪና ዳገት ላይ ኮፈኑን በእንጨት ደግፎ እንደሚሄደው ማለት ነው። ከጠረጴዛ ሥር ቆርኪ አስለቀመኝና ከሥሩ አደረገለት፤ «ሆዱም አየር ይፈልጋል» አለኝ። «አሁን አሳርፊው። ሲንፈቀፈቅ አትቸኩይ። ውሃ ደግሞ እንዳይነካው፤ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፋ ሹፌር አይደለም።»

ከዚያ ዞር ዞር ብሎ አየና «ያ ሰማያዊ ቬንትሌተር ፊቱ ቢቆምለት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። የት ሄደ?» አለ።

«ተቃጥሏል» አለች እማዬ ቶሎ ብላ።

«መቼ ተቃጠለ? ትናንትና እኮ ደህና ነበር። የተቃጠለ ነገር አልሸተተኝም» አልኩ።

«ዝም በይ አንቺ!» አለችኝ። ከዚያ በድሩን አየችው፣ እሱም አያት፤ ስለ ቬንትሌተሩ ማውራት በዚያ ቆመ። እኔ ገብቶኝ ሳይሆን ደረቅ ስለሆንኩ ነው የጠየቅሁት። ዛሬም ደረቅ ነኝ፤ ልጆቼን ጠይቁ።

በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ሆኗል። ታከለ አሊዩ አምባ ያለችው አክስታችን ጋ ሄዷል ተባልኩ። ሲሄድ አላየሁትም፤ ሳይሰናበተኝ በመሄዱ ተቀይሜዋለሁ። ደግሞ ጓሮ ያለው ዕቃ ቤት ባዶ የቢራ ሳጥን የተደረደረበት ነው፤ እዚያ እባብ ገብቷልና ድርሽ እንዳትዪ ተባልኩ። እባብ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። ግድግዳው ላይ ጆሮዬን አድርጌ ሳዳምጥ ስስ ድምፅ ሰማሁ፤ እስስስ የሚል፣ የማያቋርጥ። በሩጫ ተመልሼ «እማዬ፣ እባቡ ይተነፍሳል!» አልኳት። ደረቷን ደግፋ ቆመችና «አይዞሽ፣ እኔ መድኃኒት አድርጌበታለሁ» አለችኝ።

ያ ድምፅ የሰማያዊው ቬንትሌተር ነበር። እባቡ ታከለ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች ከገበያም ከትምህርት ቤትም እየታፈሱ ነበር። እማዬ ከሳጥኑ ድርድር ኋላ ፍራሽ አንጥፋ አስገብታዋለች። መስኮት የለም፣ በላይ ቆርቆሮ ነው። ያለ ቬንትሌተሩ እዚያ ሰው መዋል አይችልም፤ እንቁላል እንኳ ይበስላል።

የጎረቤታችን የደብሪቱ ልጅ በላይ ከዚያ በፊት ታፍሷል። የወሰዱት ቀን ከበሮ ይመታ ነበር፤ ልጆቹ መኪና ላይ ቆመው ይዘፍናሉ፣ ባንዲራ ይውለበለባል። እኔ ሠርግ መስሎኝ እያጨበጨብኩ ተከተልኳቸው። ደብሪቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ደክሟት ነው ብዬ አለፍኳት።

ልጆቹን በጣታቸው እያመለከቱ ያስጫኑት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ይልማ ናቸው። የመንዝ ሰው ናቸው፤ ቆላው አልለመደላቸውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ ፎጣ የማይጠፋ። ሣር ያለበት ቦታ ሲደርሱ ዞረው ያልፋሉ፤ እባብ ይፈራሉ። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ፊታቸው ግን ማንም አይናገርም።

እኚህ ሰው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ውሃ ሊጠጡ ገብተው ጨዋታውን አዩት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይመጣሉ። ጠመንጃ የያዙት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ውጭ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ይቀራሉ፤ እሳቸው ገብተው ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጡና «ነይ እስቲ አንቺ ጉድ» ይሉኛል።

እኔም አሸንፋቸዋለሁ።

«ዛሬም?» ይላሉ ጆሮውን ለቀው።

«እርስዎ ይቸኩላሉ ጓድ። ኳሷ ሳትመጣ ይሄዱባታል።»

እማዬ ትሪ ይዛ ስታልፍ ክንዴን ትቆነጥጠኛለች። ማድ ቤት ጠርታም ትቆጣኛለች። «አንዴ እንኳ ብትለቂላቸው ምን አለ?»

«ካመለጠቻቸው እኔ ምን ላድርግ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው ተናደው ቢነሱ—» ትልና አትጨርሰውም።

«ተያት እቴነሽ» ይላል በድሩ፣ በዚያ ካለ። «እልህ የያዘው ሰው ወንበሩን ይለቃል እንዴ? ደህና አድርጋ አስራልሻለች።»

እኔ እማዬ ለሊቀመንበሩ የምታደላ መስሎኝ በጣም ከፋኝ። የእሷ ጭንቀት ሌላ ነው። ሰውዬው ከተነሱ ፊታቸውን ሊታጠቡ ጓሮ ይወጣሉ፤ ጓሮ ከወጡ በዕቃ ቤቱ በር ያልፋሉ። ስለዚህ መቀመጥ አለባቸው። እንዲቀመጡ ማሽኑ መሥራት አለበት። ማሽኑ እንዲሠራ መጋል የለበትም። እናቴ በየደቂቃው መጥታ ማሽኑን በእጇ ጀርባ የምትነካው፣ በመሶብ ክዳን የምታራግብለት፣ ለእኔ ጨዋታ ተጨንቃ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ዘመን እንደ እኔ እናቱ የምትወደው ልጅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን ሙቀቱ ባሰ። ሰማዩ እንደ አመድ ሆነ፣ ነፋስ የሚባል ነገር ጠፋ። ጓድ ይልማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያሸንፉኝ ጥቂት ቀርቷቸው ኳሷ ቀጥ አለች።

«ምን ሆነች?» አሉ።

«ግሏል። ይረፍ» አልኩ። ኮፈኑን በክብሪት ደገፍኩለት።

«ልክ እኔ ሳሸንፍ ነው የሚግለው?» ፎጣቸውን ከአንገታቸው አውርደው ፊታቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቤቱን ዞር ብለው አዩ። «ወይዘሮ እቴነሽ፣ እዚህ ሰማያዊ ቬንትሌተር ነበር፤ ጥግ ላይ የሚቆም። የት ሄደ?»

«ተቃጠለብን ጓድ።»

«ይታያ። የቀበሌው ኤሌክትሪሺያን ያየዋል። የት አለ?»

እማዬ ትሪዋን ይዛ ወደ ማድ ቤት ዞረች። በድሩ የሚበላውን እንቁላል ተወና «ዕቃ ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ አመጣዋለሁ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ብሎ ሊነሳ ሲል ጓድ ይልማ ቀድመው ተነሱ።

«ቁጭ በል፣ ብላ። እግሬንም ላፍታታ።»

በጓሮው በር ሲወጡ ነው ዘልዬ ፊታቸው የቆምኩት። «አይሂዱ! እባብ አለ!» ብዬ ጮህኩ። እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። «ትልቅ እባብ ነው፣ ይተነፍሳል፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ!»

አልዋሸሁም። እባብ ነው ብለውኛል፣ አምኛለሁ። እንባዬ እውነተኛ ነው፣ ጩኸቴ እውነተኛ ነው። ሰውን እየዋሸ የሚያድን ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ እኔ ያን ቀን እውነቴን ነበር።

ጓድ ይልማ ከዕቃ ቤቱ ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ። ፀጥታው ውስጥ ያ እስስስ የሚለው ድምፅ ይሰማል። ቆመው አዳመጡ። እማዬ በኋላችን በሩ ላይ ነበረች። ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር አላየሁም፤ እኔ የማየው የእሳቸውን ክፍት ጫማ ነበር።

«እውነቷን ነው፣ እባብ አለ» አሉ ጓድ ይልማ። እጄን እንደያዙ መለሱኝ። «እንግዲህ ማሽኑ እስኪበርድ እንጠብቃለን።»

ፈርተው ነው ብዬ ውስጥ ውስጡን ሳቅሁ። እማዬም በድሩም እንደዚያው ነው ያሰቡት፤ ሰውዬው ለእባብ ያላቸው ፍርሃት አዳነን ብለው። ከዚያም ቀን በኋላ መምጣታቸውን አልተዉም። እንዲያውም ከሌላው ጊዜ ቀደም ብለው ይመጡ፣ ዘግይተው ይሄዱ ጀመር። ጠባቂዎቹ የጎረቤቶቻችንን ቤት አንድ በአንድ ሲፈትሹ የእኛን አልነኩትም። ሊቀመንበሩ ውስጥ ተቀምጠው እየተጫወቱ ማን ይፈትሻል?

በግንቦት ታከለን ወባ ያዘው። እኔ የሰማሁት በማድ ቤቱ ግድግዳ ነው። እማዬ ለበድሩ ስትነግረው «ወባ ነው፤ ገላው እሳት ሆኗል። እርጥብ ጨርቅ ባደርግለት ባደርግለት አልበርድ አለ» ትላለች። በድሩ «ከዚህ መውጣት አለበት። እኔ ነገ እወርዳለሁ፤ አሰብ የሚያክመው ሰው አውቃለሁ» ይላታል።

ስለ ማን እንደሚያወሩ ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም፤ አውቄዋለሁ። በቤታችን የሚግል ነገር አንድ ነው። በእኛ አገር ደግሞ የሚግል ሁሉ ወባ ነው፤ ሰው ቢግል ወባ፣ ፍየል ብትግል ወባ። እኔም ሦስት ጊዜ ይዞኝ ያውቃል፤ እንዴት እንደሚታከም ማን ይነግረኛል? ማሽኑ እንደተሰካ ነበር። ዳንቴሉን ከመሶቡ ላይ አንስቼ ጋኑ ውስጥ ነከርኩት፣ ጨመቅ አድርጌ ጡቡ ላይ አለበስኩት፤ ግንባር ላይ እንደሚደረገው።

ጧ አለ፤ የኳሷ ድምፅ ግን አልነበረም። ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ቤቱ በጭስ ሽታ ታፈነ። ውሃ እንዳላስነካው ነግሮኝ አልነበረም ወይ? ነግሮኛል። የነገረኝ ግን ስለ ሞተር ነው እንጂ ስለ ወባ አይደለም። ዛሬም ጥፋቴ አይመስለኝም።

ሁለቱም ሮጠው መጡ። ዱላ ስጠብቅ እማዬ የተቃጠለውን ዳንቴል አነሳች፣ ማሽኑን አየች፣ በድሩን አየች።

«ተበላሸ?» አለችው።

«አበቃለት። ለጥገና ይዤው ብወርድ የሚጠይቀኝ የለም» አለ በድሩ።

እናቴ ራሴን አቅፋ ሳመችኝ። ማሽን አቃጥሎ መሳም ያኔም አልገባኝም።

በማግስቱ በድሩ ራዲያተሩ ውሃ እንዲሞላ ብሎ መኪናውን በጓሮው አጥር በር ወደ ኋላ አስገባ። ባቄላና ምስር ጭኗል፤ ሸራው በገመድ ታስሯል። እማዬ ደብሪቱ ቤት ሄጄ ወንፊት እንድዋስ ላከችኝ። ደብሪቱ ከልጇ ወዲህ ነገር ትረሳለች፤ ወንፊቱን እስክታገኘው ብዙ ቆየሁ። ስመለስ መኪናው በሩን ወጥቶ አስፋልት ላይ ነው። በጋቢናው መስኮት ማሽኔ ይታየኛል፤ በድሩ ጎን እንደ ተሳፋሪ ተቀምጧል።

ወንፊቱን ጥዬ ሮጥኩ። ኬላው ከከተማው መውጫ ላይ ነው፤ መኪኖች ተሰልፈው ስለነበር ደረስኩበት።

«ሌባ! ጨዋታዬን ሰረቀኝ! ያዙልኝ፣ ሌባ ነው!»

ወታደሩ የኬላውን ገመድ ይዞ ቆመ። «ምንድን ነው የሰረቅከው?» አለው በድሩን።

«ወላሂ ጌታዬ፣ የተበላሸ መጫወቻ ነው። ላስጠግነው ነው፤ ልጅ ናት።»

«ውረድ። ሸራውን ፍታ።»

በድሩ ወረደ። እጁ የሸራውን ገመድ ያዘ እንጂ አልፈታውም። ያኔ እማዬ ደረሰች፤ ነጠላዋ የት እንደወደቀ እግዜር ይወቅ፣ በአንድ እግሯ ጫማ የለም። እኔን አልመታችኝም። ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ደብሪቱ እንደተቀመጠችው። ሮጣ ደክሟት ነው አልኩ።

ኬላው ዳስ ሥር ጓድ ይልማ ነበሩ። ተነስተው መጡ።

«ጓድ ይልማ፣ ጨዋታችንን ሊወስደው ነው!» አልኳቸው። «ጨዋታችንን» ነው ያልኩት፤ የእሳቸውም እንደሆነ እንዲያውቁ።

ማሽኑን በመስኮት ተቀበሉ፣ በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉት፣ አሸተቱት። ወደ ሸራው ቀና ብለው አዩ። ከዚያ መሬት ላይ የተቀመጠችውን እናቴን አዩ፤ ብዙ አዩዋት። ማሽኑን ለበድሩ መለሱለት።

«ይጠገናል?» አሉት።

«ኢንሻአላህ ጓድ። ቶሎ ከደረሰ።»

«እንግዲህ ፀሐይ ላይ አቁማችሁ አታብሱበት» አሉ ለወታደሩ። «ገመዱን ጣል። ይለፍ።»

«ሸራው አልተፈተሸም ጓድ።»

«የምጫወትበት እኔ ነኝ። ይለፍ አልኩ!»

ወታደሮቹ ሳቁ። «የሊቀመንበሩ መጫወቻ ነው ለካ!» አለ አንዱ፤ ገመዱ ወደቀ። መኪናው ወደ አጣዬ ሲወርድ አቧራው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን ለሰው አልቅሼ አላውቅም።

ታከለ አሰብ ደረሰ። ሁለት ወር ታሞ ተነሳ፣ ወደብ ላይ ጭነት እየተሸከመ ኖረ፣ መንግሥት ሲለወጥ ተመለሰ። ዛሬ ኮምቦልቻ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሰባት ልጅ አለው፤ ሙቀት ሲሆን ከማንም በፊት ቬንትሌተሩ ፊት የሚቀመጠው እሱ ነው። ማሽኑን በድሩ ሚሌ ላይ ከመስኮት ወረወረው። ይህን ሲነግረኝ ትልቅ ሴት ሆኛለሁ፤ ቢሆንም ቅር አለኝ። ሊጠገን ይችል ነበር።

ደርግ በወደቀ ጊዜ የቀበሌው ሕዝብ አዳራሽ ተጠራና በጓድ ይልማ ላይ ያለውን እንዲናገር ተጠየቀ። ደብሪቱ ተነሳች። «ልጄን በጣቱ ያመለከተው እሱ ነው። አልተመለሰልኝም» አለችና ተቀመጠች። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው አልካዱም። ከዚያ «ወይዘሮ እቴነሽስ?» ተባለ። እናቴ ተነሳች።

«ደብሪቱ ያለችው እውነት ነው። የእኔን ልጅ ግን አላመለከቱም። ዕቃ ቤት እንዳለ ያውቁ ነበር፤ አልነኩትም። ሁለቱንም ጻፉ» አለች።

ለምን የእኛን እንደተዉ፣ የእሷን ለምን እንዳልተዉ አላውቅም። ደግ ሰው ነበሩ አልልም። ደብሪቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ወንፊት አላዋሰችንም፤ ሰላምታም እስከሞተች ድረስ አልሰጠችንም። እናቴም አልተቀየመቻትም።

ከአዳራሹ ስንመለስ «ማወቃቸውን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ቬንትሌተሩን ረሳሽው?» አለችኝ።

አልረሳሁትም። በድሩ በሄደ ማግስት ጓድ ይልማ በለመዱት ሰዓት መጡ። ጠባቂዎቹን ኒሙ ሥር ትተው ገቡ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ።

«ጨዋታው እኮ የለም» አልኳቸው። የረሱ መስሎኝ አሳዘኑኝ።

«አውቃለሁ» አሉ። ጥቂት ተቀምጠው ፊታቸውን ጠረጉና ተነሱ። በጓሮው በር ወጡ፤ በዚያው ክፍት ጫማ፣ ዱላ እንኳ ሳይዙ።

«እባብ!» ብዬ ተከተልኳቸው። አልቆሙም። የዕቃ ቤቱን በር ገፋ አድርገው ገቡ፤ የቢራ ሳጥን ሲንሿሿ ሰማሁ። ሲወጡ ሰማያዊውን ቬንትሌተር አቅፈውታል፤ ገመዱ ከኋላቸው መሬት ይጎተታል።

«እባቡስ?» አልኳቸው።

«እባብ አላየሁም» አሉኝ። የሚያዩት ግን እኔን አልነበረም፤ ማድ ቤቱ በር ላይ የቆመችውን እናቴን ነው።

ቬንትሌተሩን ጠረጴዛው ላይ አቁመው ሶኬቱ ላይ ሰኩት። ተሽከረከረ። «ተቃጥሏል አላላችሁም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። እማዬ ትሪዋን አስቀመጠች። ሊቀመንበሩ በመጡ ቁጥር ቆማ ከማስተናገድ በቀር አንድም ቀን አብራቸው ተቀምጣ አታውቅም። ያን ቀን ወንበር ሳበችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ቬንትሌተሩ አንገቱን እያዞረ አንዴ የእሳቸውን ፎጣ፣ አንዴ የእሷን ሻሽ ያውለበልብ ነበር።